የቤቱ ኮምፒውተርና ማሲንቆው

[ማሲንቆ፤ በየመሃሉ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል]

አሁን የሰማችሁት ማሲንቆ ነው። ቅኝቱ አምባሰል፤ ተጫዋቹ የእህቴ ልጅ ነው። የተቀዳው ላሊበላ ከተማ፣ በእህቴ ቤት፣ ባለፈው ጥቅምት ነው። ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ አጎቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም እንዲህ የምለው። ግን ልብ ብላችኋል? በየመሃሉ ጠቅ የሚል፣ እንደ ተጫረ ሸክላ የሚሰናከል ነገር አለበት። አሁን ደግሞ ይህን ስሙልኝ።

[ያው ዜማ፤ ጥርት ብሎ]

ያው ልጅ፣ ያው ማሲንቆ፣ ያው ክፍል፣ ያው ላፕቶፕ። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ያለፈው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ያወጣነው ገንዘብ የለም። የዛሬው ዝግጅታችን ስለእነዚያ ሦስት ሰዓታት ነው።

እህቴ ቤት ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን አምስት ናቸው። የእህቴ ባል አስጎብኚ ነው፤ ከእንግዶቹ ጋር ኢሜይል የሚጻጻፈው በዚሁ ላፕቶፕ ነው። ትልቋ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ትጽፍበታለች። ትንሹ ፊልም ያይበታል፣ ጌም ይጫወትበታል፣ ከጓደኞቹ ፍላሽ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ይጭንበታል። እህቴ የዕቁብ ሒሳብ ትይዝበታለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው መካከለኛው ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ አንዲት የዩኤስቢ ማይክ አስገዝቶ ማሲንቆውን ይቀዳበታል። ወይም ሊቀዳበት ይሞክራል።

የሄድኩ ዕለት ገና ቡናው ሳይፈላ እህቴ ጀመረችኝ። «ወንድምዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር አርጅቷል። ልጁ ሲቀዳ ይንተባተባል። አዲስ ብትገዛለት ምን ይመስልሃል?»

«እታለም፣ አላረጀም፤ ሰው በዝቶበት ነው» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም፤ እንዲያውም ዛሬ የማወራችሁ በሙሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። አንድ ማሲንቆ ወይም አንድ ድምፅ ለመቅዳት የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ጉልበት ትንሽ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ያለ ችግር ይችለዋል። የማይችለው መቋረጥን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ወደ ማይክ የሚገባ ድምፅ እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ ምንጭ ደግሞ ቆይ ቢሉት አይቆይም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ቁጥሮቹን ግን አንድ በአንድ አያነሳም፤ ዕንስራ ሙሉ ሲሆኑለት ነው የሚያነሳቸው። ያቺን ዕንስራ የሙያው ሰዎች ባፈር ይሏታል። አንዷ ስትሞላ ኮምፒውተሩ ያነሳትና ባዶዋን በቦታዋ ይተካል። አሁን ውኃ ቀጂዋ ዕንስራውን ደግና ቆማ ሳለ ጎረቤት ጠርቷት ዞር ብትልስ? ዕንስራው ሞልቶ ይፈሳል። የፈሰሰችው ውኃ ናት በጆሯችን ጠቅ ብላ የምትሰማው። ያች ድምፅ አንዴ ከፈሰሰች አትታፈስም፤ በኋላ ምንም ዓይነት ማስተካከያ ብትጭኑ የጠፋውን አያመጣላችሁም።

የሚጣሩት ጎረቤቶች እነማን ናቸው? ዋይፋይ በየጊዜው «አዲስ ኔትወርክ አለ ወይ» እያለ ይፈልጋል። አንቲቫይረሱ የተቀዳችውን ፋይል ገና ሳትዘጋ ሊፈትሻት ይሮጣል። ዊንዶውስ ማሻሻያ ያወርዳል። ቴሌግራም፣ የፕሪንተር ረዳት፣ ትንሹ ልጅ የጫነው የጌም ማስጀመሪያ፣ ሁሉም ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው ይነሳሉ። እያንዳንዳቸው የሚጠሩት ለቅጽበት ነው። ኢሜይል ለሚጽፍ ሰው ያች ቅጽበት ምንም አይደለችም፤ አትታወቀውም። ለምንጩ ግን ትልቅ ነገር ናት።

እንግዲያው ዕንስራውን ትልቅ ብናደርገውስ? ትልቅ ዕንስራ ቶሎ አይሞላም፤ ቀጂዋ ዞር ብላ ብትመለስ እንኳ ትደርሳለች። ልክ ነው። ብዙዎቹ የቀረጻ ፕሮግራሞች የባፈሩን መጠን እንድትመርጡ ይፈቅዱላችኋል፦ 128፣ 256፣ 512፣ 1024 እያሉ። ግን ትልቁ ዕንስራ እስኪሞላ ደግሞ መጠበቅ አለ። ይህን መዘግየት ለማስረዳት ከላሊበላ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የገናን በዓል ላሊበላ ያከበራችሁ ቤዛ ኩሉ የሚባለውን ዝማሬ ታስታውሳላችሁ። በቤተ ማርያም፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለት ግንብ አናት ላይ ካህናቱ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከታች ግቢው ውስጥ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዱን ሜትር ለማቋረጥ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አሥር ሜትር ርቆ የተመታ ከበሮ ጆሯችን የሚደርሰው 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ካህናቱ ይህን ርቀት በዓይናቸው፣ በመቋሚያቸውና በዘመናት ልምድ ያቻችሉታል።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ባፈሩ 512 ከሆነ አንዷ ዕንስራ ለመሙላት 11.6 ሚሊ ሰከንድ ትወስዳለች። ድምፁ ሲገባ አንድ ዕንስራ፣ በሄድፎን ተመልሶ ሲወጣ ሌላ ዕንስራ፤ በጠቅላላው 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ይህ ማለት ልጁ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አድርጎ ድምፁን ግን ከስምንት ሜትር ርቀት እንደሚሰማ ነው። ጣቱ ሌላ፣ ጆሮው ሌላ ይሆንበታል። አዲስ ቀጂዎች «ምቱ አልያዝ አለኝ» ብለው ራሳቸውን የሚወቅሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

መፍትሔው ግን የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። ማሲንቆ ብቻውን የሚቀዳ ሰው ሄድፎን ለምን ያስፈልገዋል? ማሲንቆው አጠገቡ ነው፤ በገዛ ጆሮው ይሰማዋል። ሄድፎኑን አውልቆ ባፈሩን 1024 ያድርገው፤ ይዘግይ፣ ማን ይሰማዋል! አስቀድሞ በተቀዳ ማሲንቆ ላይ ድምፁን ሊጨምር ሲፈልግ ደግሞ በአንድ ጆሮው ብቻ ሄድፎን ያድርግና ሌላውን ክፍት ይተው። የቀድሞውን ማሲንቆ ከሄድፎኑ ይሰማል፣ የራሱን ድምፅ በተከፈተው ጆሮው። እኛ እንዲህ ነው ያደረግነው። ዘፋኞች በትልልቅ ስቱዲዮም አንዱን ጆሮ ከፍተው ሲዘፍኑ አይታችሁ ይሆናል።

ከዚያ ቀጥሎ ጎረቤቶቹን ዝም ማሰኘት ነበር። መጀመሪያ በዊንዶውሱ ላይ ለቀረጻ ብቻ የሚሆን አዲስ ተጠቃሚ ከፈትን። ስሙንም «ቀረጻ» አልነው። የግድግዳ ሥዕል የለው፣ ቴሌግራም የለው፣ ጌም የለው፤ ማሲንቆውን የምንቀዳበት ኦዳሲቲ ብቻ። ኦዳሲቲ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በነፃ ሲሰራጭ ኖሯል፤ በዝቅተኛ ኮምፒውተርም ይሠራል። ኪዩቤዝ፣ ሪፐር፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚጠቀሙ ልጆች አሉ። ክፋት የላቸውም፣ ግን ለአንድ ማሲንቆ ሰባት ክፍል ያለው ቤት መከራየት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ትንሹ ልጅ ጌሙን ትቶ ሲነሳ፣ ወንድሙ «ስዊች ዩዘር» ብሎ ወደ «ቀረጻ» ቢገባ፣ የትንሹ ጌምና ፊልም ከኋላ ሆነው እየሠሩ ነው። በሩን ዘግተንባቸዋል እንጂ ከቤት አልወጡም። «ሳይን አውት» ማለት ያስፈልጋል። ከዚያም «ሪስታርት»። «ሸት ዳውን» ለምን አይሆንም? በቅርብ ዓመታት ዊንዶውሶች ሸት ዳውን ሲባሉ ቶሎ ለመነሳት ብለው ከፊል ሥራቸውን አስቀምጠው ነው የሚያንቀላፉት። እውነተኛ ዕረፍት የሚያገኙት ሪስታርት ሲባሉ ነው።

ሪስታርት ካደረግን በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን ታስክ ማናጀርን ከፈትን። «ስታርትአፕ» የሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ተዘርዝረዋል፤ አሥራ አራት ነበሩ። የድምፁንና የመዳፊቱን ትተን ቀሪዎቹን አጠፋናቸው። አባወራው ትንሽ ተጨነቀ። «ኢሜይሌስ?» አለ። ኢሜይሉ ምንም አይሆንም፤ ሲፈልገው ራሱ ይከፍተዋል። ሳይጠራ አይምጣ ነው ያልነው።

ዋይፋዩን በኤርፕሌን ሞድ ዘጋነው። የዊንዶውስ ማሻሻያውን ለአንድ ሳምንት «ፖዝ» አልነው። ለዘላለም አታጥፉት፤ ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር ለቫይረስ የተከፈተ በር ነው። አንቲቫይረሱንም ጨርሶ ማጥፋት ሞኝነት ነው፣ ያውም ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት። ቅጂ የሚቀመጥበትን አንድ ፎልደር ብቻ «ይህን አትፈትሽ» ብሎ መተው ይበቃል።

ይህን ሁሉ አድርገን ስንቀዳ ጠቅ ጠቁ ጠፋ። ግን ሌላ ነገር ተሰማ።

[ዝቅ ያለ እምምም የሚል ድምፅ]

ይህ የመብራት ድምፅ ነው። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቻርጀሩ ጥሩ ካልሆነ ወይም ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው ያ መመላለስ ወደ ማይኩ ሾልኮ ይገባል። ቻርጀሩን ነቀልን፤ ድምፁ ጠፋ። ጠቅ ጠቁ ግን ተመለሰ! ምክንያቱም ላፕቶፕ ከመብራት ሲነቀል ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ራሱ ይለግማል፤ ፕሮሰሰሩን ዝግ ያደርጋል፣ ማይኩ የተሰካበትን የዩኤስቢ ቀዳዳ ሳይቀር ሊያስተኛ ይሞክራል። ስለዚህ ወደ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብተን፣ በባትሪም ላይ እያለ ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ፣ እንዳይተኛ፣ ዩኤስቢውንም እንዳያስተኛ አዘዝነው። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ እኛ ቤት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቆየልን። ለማሲንቆ አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ተጫዋቹም ይደክመዋል።

ስለ መብራት ካነሳን፣ ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ለወራት ያለ መብራት የከረመች ከተማ ናት፤ ሰው መብራትን ማመን አቁሟል፤ አይፈረድበትም። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ያለ ዩፒኤስ አትቅዱ። ላፕቶፕም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነቅላችሁ ጠብቁ፤ መብራቱ ሲመጣ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣልና። ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ ኮንትሮል ኤስ። ይህችን እንደ ማማተብ ልመዷት።

አሁን የላስታን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር ልናገር። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ኮምፒውተርን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው በዚያው ልክ ይደክማል። ላፕቶፑን ጋቢ ላይ ወይም አልጋ ላይ ካስቀመጣችሁት መተንፈሻው ይዘጋና ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማራገቢያውም ይጮሃል፣ ጩኸቱም ወደ ማይኩ ይገባል። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ አድርጉት። የእህቴ ልጅ የእንጀራ ሞሰብ ክዳን ላይ አድርጎት ነበር። እህቴ ስታየው ምን እንዳለች ለሬዲዮ አይሆንም።

ከዚህ የባሰው የሃርድ ዲስክ ነገር ነው። የድሮዎቹ የሚሽከረከሩ ሃርድ ዲስኮች መረጃ የሚያነቡት ከሳህኑ በላይ በምትንሳፈፍ ትንሽ ራስ ነው። ያች ራስ የምትንሳፈፈው በአየር ነው፤ ከሳህኑ ያላት ርቀትም ከፀጉር ክር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ ነው። አየሩ ሲሳሳ መንሳፈፏ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ አምራቾች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ድረስ ብቻ ነው ዋስትና የሚሰጡት። ላሊበላ ከተማ ከወሰኑ በታች ናት፣ ምንም አትሆኑም። ግን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ በግርጌና በወገቡ የሚኖረው ሰው፣ እዚያ ወጥቶ የእረኛ ዋሽንት ሊቀዳ የሚፈልግም ሰው፣ በድሮ ሃርድ ዲስክ ባይተማመን ይሻላል። ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከፍታ አያስፈራውም። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ፣ ከአዲስ ላፕቶፕ ይልቅ በአሮጌው ላይ ኤስኤስዲ አስገጥሙ። የኔ ፍርድ ይህ ነው።

ቦታውስ ምን ያህል ይበላል? አንድ ማይክ፣ በ44,100ው ልኬት፣ በ24 ቢት ሲቀዳ ለአንድ ደቂቃ 8 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ለአንድ ሰዓት ከ500 ሜጋባይት ትንሽ ያንሳል። አንድ የትንሹ ልጅ ፊልም ከሁለት ሰዓት ማሲንቆ በላይ ቦታ ይዞ አግኝቼዋለሁ። 24 ቢትን የመረጥነው ድምፁን ዝቅ አድርገን እንድንቀዳ ስለሚያስችለን ነው። ማሲንቆ ሲጋል ድምፁ በድንገት ይጨምራል። መለኪያው ቀይ ከነካ ድምፁ ተቆርጧል፤ የተቆረጠ አይቀጠልም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን በኋላ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ የሆነብንን ላጫውታችሁ። ከዚያ ቀደም በነበረው ክረምት ልጁ የአባቱን እናት የሠርግ ዘፈን ቀድቶ ነበር፤ ድሮ ላስታ ውስጥ ሙሽራ ሲሸኝ የሚባለውን፣ አርባ ደቂቃ ያህል። ፎልደሩን ስም አላወጣለትም። «ኒው ፎልደር ሦስት» እንዳለ ቀረ። ታናሹ አንድ ቀን ለፊልም ቦታ ሲፈልግ «ኒው ፎልደር» የሚሉትን ሁሉ ሰበሰበና ደመሰሳቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ ስም የሌለው ነገር ባለቤት የሌለው መስሎት ነው። አሮጊቷ እንደገና እንዲዘፍኑ ተለመኑ፤ እሺም ብለው ዘፈኑ። ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነላቸውም። «ልጄ፣ ያን ዕለት ሆዴ ክፍት ነበር» አሉት።

ስለዚህ ፎልደሩ ስም ይኑረው፦ የዘፋኙ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ። የትንንሾቹን ተጠቃሚ «ስታንዳርድ» አድርጉት፤ የሌላ ሰው ፎልደር ውስጥ ገብቶ እንዳይሰርዝ፣ ያልተጠየቀ ፕሮግራምም እንዳይጭን። ቅጂው በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ፍላሽ ይሆናል፤ ግን ያ ፍላሽ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ዘፈን የሚጫንበት ፍላሽ አይሁን። ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠውን ቫይረስ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለቅጂ የተመደበ ፍላሽ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ቢቻል በሌላ ዘመድ ቤት።

አንዳንዱ አድማጭ አሁን «በቤት የተቀዳ ነገር ምን ያህል ቁም ነገር ይወጣዋል?» ይል ይሆናል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ጀርመን አገር ሄዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ቅጂ ዓለምን ሲዞር አይተናል። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ከሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አድርጎ፣ ያለ ባንድ፣ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያም ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ያ ካሴት ከብዙ ዘመን በኋላ በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እጅ ገባ፤ የተገኘውም ባሕር ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመና ኃይሉን ወደ ዓለም መድረክ መለሰው።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። እማሆይ ከወሎ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አምባሰል ውስጥ በምትገኘው በግሸን ማርያም አሥር ዓመት ያህል በምንኩስና ኖረዋል። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ በገዛ ድምፃቸው ሲዘምሩ በተራ የካሴት ቴፕ ቀድተው አስቀመጡ። ያ ቅጂ በአልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ እሳቸው በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ። ስታዳምጡት ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ወፎቹን ማንም አላወጣቸውም። እኔም አላወጣቸውም ነበር።

የወፉ እንዲህ ቢሆንም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከእሱ ጋር መከራከር አይቻልም። በክረምት በረፋዱ ቅዱ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል። በላስታ ያሉት ክብ የድንጋይ ቤቶች ሳር ክዳናቸው ዝናቡን ዝም ያሰኘዋል፤ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ዘመድ ካላችሁ ስቱዲዮ አላችሁ ማለት ነው። ባዶ የብሎኬት ክፍል ግን ያስተጋባል። ከተጫዋቹ ጀርባ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ መሬት ላይ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። ማይኩን ከማሲንቆው ሁለት ስንዝር ያህል አርቁ፤ በጣም ካስጠጋችሁት የጭራው ፍትጊያ ብቻ ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የቀረጻ ፕሮግራሞች ድምፅን «የሚያስተካክል» መሣሪያ አላቸው፤ ኦቶ ቲዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ከመጣ ወዲህ በየቦታው ገብቷል። እነዚህ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የፒያኖውን አሥራ ሁለት እኩል እርከን ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን አያውቁም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ሆን ብሎ ሲያርፍ፣ መሣሪያው ስህተት መስሎት ይገፋዋል። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን አምባሰሉን እንዲህ «አስተካክሎ» አሰማኝ። ንጹሕ ነበር፤ አምባሰል ግን አልነበረም። አጠፋነው። ቆጣሪውንም፣ ያን ቲክ ቲክ የሚለውን፣ ለትዝታ አትክፈቱት። ትዝታ ሰዓት አይታይበትም።

ያን ቀን ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ተነጋገረ። ክርክሩ ረዘመ፤ ትንሹ አለቀሰም። በመጨረሻ እህቴ በዕቁብ ደብተሯ ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከጧቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ማሲንቆ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አባወራው ከእንግዶቹ ጋር ናቸው። በቀረው ጊዜ ላፕቶፑ የሁሉም ነው፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ዋይፋዩ ይከፈታል፣ ቅጂው ወደ ፍላሹ ይገለበጣል፣ «ቀረጻ» ሳይን አውት ይላል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተጣሉት፣ አንዱም በሞሰቡ ክዳን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ማይክ አመራረጥ እናወራለን። እስከዚያው፣ ቤታችሁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ «ኒው ፎልደር» የሚል ነገር ካለ ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት፤ ውስጡ የሰው ድምፅ ካለ ስም አውጡለት፣ ሌላ ቦታም ገልብጡት። ደህና ሁኑ።

[ማሲንቆ፤ እስከ መጨረሻው]